ስምንተኛው ቀን ያለፈው ልጄ፦ ለግርዛት ሁለት ክሊኒክ ሄጄ ያየሁት

ይህን የምጽፈው ወንድ ልጅ ወልዳችሁ «የት እናስገርዘው?» እያላችሁ ለምትጠይቁ ነው። እኔም ከሁለት ወር በፊት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ነበር። ዘመድም ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም የመለሰልኝ አንድ ነገር ነው፦ «እዚያ ውሰደው፣ ቶሎ ይጨርሳሉ።» ቶሎ መጨረስ ትልቅ ነገር መስሎኝ ሄድኩ። ልጄን ሳላስገርዝ ይዤው ተመለስኩ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የሄድኩት ሁለት ቦታ ነው። ሁለቱም አዲስ አበባ ያሉ የግል ክሊኒኮች ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። የአንዱን ስም ማጥፋት አልፈልግም፤ የሌላውን ብጠራ ደግሞ ማስታወቂያ ይመስላል። ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ካወቃችሁ የትም ብትሄዱ ይጠቅማችኋል። አስቀድሜ ግን ለምን እንደዚያ እንደቸኮልን ልንገራችሁ። ችኮላው የክሊኒኩ ብቻ አልነበረም፣ የእኛም ነበር።

ልጃችን የተወለደው ታኅሣሥ 29፣ በገና ዕለት ነው። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሌሊቱን ቅዳሴ አድረው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መጡ። ልጁን ገና ከመታቀፋቸው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ አንድ፣ ሁለት እያሉ ሲሄዱ ስምንተኛው ቀን ጥር 6 ላይ ዋለ። ጥር 6 ደግሞ ግዝረት ነው። ከጌታ ዘጠኙ ንዑሳን በዓላት አንዱ። ሉቃስ በምዕራፍ 2 ቁጥር 21 ላይ ስምንት ቀን ሲሞላው ተገረዘ፣ ስሙም ኢየሱስ ተባለ ብሎ የጻፈው የሚታሰብበት ቀን።

«ልጄ፣ ይኼ እንዲሁ የመጣ ነገር አይደለም» አሉኝ። «ጌታ በተወለደበት ቀን ተወልዶ፣ ጌታ በተገረዘበት ቀን ይገረዛል።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ሆዴ ባባ። ቀኑ በዚያው ተቆረጠ።

ደግሞም እኛ ቤት ስለ ግርዛት ይደረግ አይደረግ ተብሎ ተወርቶ አያውቅም። አባቴ ተገርዟል፣ እኔም ተገርዣለሁ። በአገራችን ከ10 ወንድ 9ኙና ከዚያም በላይ የተገረዘ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። አማቴ ራሳቸው ወንዶች ልጆቻቸውን ያስገረዙት ገጠር ሳሉ ነው፣ ገራዥ ቤት ድረስ መጥቶ፣ በምላጭ። ዛሬም እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ምላጩ ከማን ወደ ማን እንደዞረ አታውቁም።

ጥር 6 ጠዋት ባለቤቴ አራስ ስለሆነች ከቤት አልወጣችም። እኔና አማቴ ልጁን በጋቢ ጠቅልለን ሄድን። የመጀመሪያው ክሊኒክ ሞልቷል። ካርድ አወጣን፣ 1,200 ብር ከፈልን፣ ተራ ያዝን። ከእኛ ፊት አራት ሕፃን ነበር። በሩ ይከፈታል፣ አንድ ልጅ ይገባል፣ ለቅሶ ይሰማል፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ይወጣል። ቀጣዩ ይገባል። ንጽሕናው መጥፎ አይደለም፣ ወለሉ ተወልውሏል፣ ሠራተኞቹም አይቆጡም። ይህን ባልናገር ግፍ ይሆንብኛል።

ግን የገባው ሁሉ ያለቅሳል፤ የርሃብ ወይም የእንቅልፍ ለቅሶ አይደለም፣ ወላጅ የሆነ ሰው ይለየዋል። ተራ የምታስገባዋን ልጅ «ማደንዘዣ አትሰጡም እንዴ?» አልኳት። «ጨቅላ እኮ ነው፣ ምን ይሰማዋል? ወዲያው ይረሳዋል» አለችኝ። በክፋት አይደለም፣ የምታምነውን ነው የነገረችኝ። ይህ ግን ስህተት ነው። ጨቅላ ሕመም ይሰማዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው አቋም ላይ ለሚገረዝ ሕፃን ማስታገሻ መሰጠት አለበት ብሏል። እኔ በዚያ ሰዓት ይህን አላውቅም ነበር። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ዝምታዬ ነው።

ያወጣን የሰው ዓይን ነው። አጠገባችን የተቀመጠች አንዲት እናት ልጃችንን አየት አደረገችና «ይቅርታ፣ ይኼ ልጅ ቢጫ አልሆነባችሁም?» አለች። አማቴ «የመብራቱ ነው» አሉ። እኔ ተነስቼ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። የመብራቱ አልነበረም። የዓይኑ ነጭ ሁሉ ቢጫ ነው። አማቴ ሲያዩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የወፍ በሽታ ይሆን እንዴ?» አሉኝ።

ተራ ለምታስገባዋ ልጅ ነገርኳት። «ሲገባ ይታያል» አለች። ቀጥላም «ስምንተኛ ቀኑ ዛሬ ነው ብላችኋል አይደል? ዛሬ ካለፈ ደግሞ ቶሎ ተራ ላታገኙ ትችላላችሁ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ልቤ የተነሳው። እስከዚያች ደቂቃ ልጁን ገልጦ ያየው ሰው የለም። ኪሎው ስንት ነው፣ ሲወለድ ምን ተወጋ፣ በቤተሰብ ሲቆስል ደም የማይቆምለት ሰው አለ ወይ ብሎ የጠየቀንም የለም። የተጠየቅነው ደረሰኝ ብቻ ነው። የእኛን እምነት፣ የአማቴን ያን የመሰለ ደስታ፣ ተራ ለማስያዣ ተጠቀሙበት። «እማዬ፣ ተነሱ እንሂድ» አልኳቸው። «ቀኑስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ብሩንም አልጠየቅኩም፣ ወጣን።

ሁለተኛው የሕፃናት ክሊኒክ ነው። ቀጠሮ ስላልነበረን ሁለት ሰዓት ጠበቅን። መቀመጫ አይበቃም፣ አማቴ ግማሹን ሰዓት ቆመው ነው ያሳለፉት፤ ይህን ማስተካከል አለባቸው። ከገባን በኋላ ግን ሌላ ዓለም ነው። ዶክተሩ ጎልማሳ ሰው ናቸው። ልጁን ልብሱን አስወልቀው ወደ መስኮቱ አመጡት። በአውራ ጣታቸው ግንባሩን ጫን አደረጉና ለቀቁት። ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ለአንድ አፍታ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ቀጥለው ደረቱን፣ ከዚያ ሆዱን። «እስከየት እንደወረደ ነው የማየው» አሉ። ከተረከዙ ደም ተወሰደ፣ ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው የቢሊሩቢን ምርመራ ተደረገ፣ ውጤቱም መጣ።

«የሚያሰጋ ደረጃ ላይ አይደለም» አሉን። «ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ከሦስት ቀን በኋላ መልሱት። ዛሬ ግን አልገርዘውም።»

አማቴ አላስቻላቸውም። «ዶክተር፣ ዛሬ እኮ ግዝረት ነው። ልጁም ስምንት ቀኑ ነው።»

የዶክተሩን መልስ ልብ በሉልኝ። «አውቃለሁ እናቴ፣ እኔም ዛሬ ቀኑን አስቤ ነው የወጣሁት። ግን ሕጉ የራሳቸው የሆነው አይሁድ እንኳ ልጁ ቢጫ ከሆነ እስኪድን ያቆዩታል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ነገር የሚሠራው ጉበት ነው። ቢጫው ከምን እንደመጣ በደንብ ሳላረጋግጥ ምላጭ አላነሳም። ደግሞ የንስሐ አባትዎን ይጠይቋቸው፣ እሳቸው ከእኔ በተሻለ ይነግሩዎታል።»

ዶክተሩ አማቴን አላቃለሏቸውም። «ይህ የድሮ ሰው ነገር ነው» አላሏቸውም። ቀኑን ያውቁታል፣ ያከብሩታል፣ ልጁን ግን ለቀኑ አልሰጡትም። ለዚህ ክሊኒክ የምሰጠው ትልቁ ምስጋና ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ማታ ቤት ውስጥ ጉድ ፈላ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም መጥቷል። እሱ ጴንጤ ነው፣ መጽሐፉን በደንብ ያነባል። «ገና ከመጀመሪያው ተናግሬ ነበር» አለ። «ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ብትገረዙ ክርስቶስ ምንም አይጠቅማችሁም ብሏል። እናንተ ግን ቀን ትቆጥራላችሁ።» አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ዝም አሉ። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና «ወንድምዬ፣ ያንተ ልጆች አልተገረዙም እንዴ?» አለችው። «ተገርዘዋል። ለጤና ነው፣ ለመዳን አይደለም» አለ።

የንስሐ አባታችን ለአራሷ ጠበል ሊረጩ መጥተው ይህን ሁሉ ይሰሙ ነበር። «እንግዲያማ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው» አሉ። ከዚያ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

አባ የጀመሩት ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ነው። ከይሁዳ የወረዱ ሰዎች አንጾኪያ ላሉት ምእመናን ካልተገረዛችሁ አትድኑም ብለው አስተማሩ። ነገሩ ከረረና ጳውሎስና በርናባስ ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። ጴጥሮስ ተነስቶ አባቶቻችንም እኛም ልንሸከመው ያልቻልነውን ቀንበር ለምን በደቀ መዛሙርት ጫንቃ ላይ ትጭናላችሁ አለ፤ ያዕቆብም ፈረደ፤ ከአሕዛብ ወደ እግዚአብሔር የሚመለሱትን እንዳናስጨንቅ ተባለ። «ነገሩ ያኔ ተቆርጧል» አሉ አባ። «ክርስቲያን የሚያደርገን ጥምቀት ነው። ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በእጅ ያልተደረገ መገረዝ ያለው እሱን ነው።»

ወንድሟ «ታዲያ ጳውሎስ ራሱ ጢሞቴዎስን ለምን ገረዘው?» አለ። ጥያቄው የእኔም ነበር። አባ ደስ አላቸው። «ቲቶንስ ለምን አላስገረዘውም? ሁለቱም የእሱ የመንፈስ ልጆች ናቸው። ቲቶን ሊያስገድዱት ፈለጉ፣ እዚያ ላይ ጳውሎስ ለአንዲት ሰዓት እንኳ አልለቀቀላቸውም። ጢሞቴዎስ ግን እናቱ አይሁዳዊት ናት፣ በዚያ አገር አይሁድ መካከል አብሮት ሊያስተምር ነው፣ ስለዚህ ገረዘው። ሥራው አንድ ነው፣ ምክንያቱ ነው የሚለያየው። ገላትያም የተጻፈላቸው በግርዛት እንጸድቃለን ለሚሉት ነው።»

ቀጥለው የአፄ ገላውዴዎስን ነገር አነሱ። እኔ ገላውዴዎስን የማውቀው ከኢማም አሕመድ ጋር ካደረጉት ጦርነት ነው። በኋላ ፈልጌ አነበብኩት። በዚያ ዘመን የመጡት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ኢትዮጵያውያንን እንደ አይሁድ ይገረዛሉ፣ ቅዳሜን ያከብራሉ እያሉ ይከሱ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ1442 በፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ለግብፅ ክርስቲያኖች በጻፈችው ደብዳቤ ከጥምቀት በፊትም ሆነ በኋላ እንዳይገረዙ አዝዛለች። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1555 የእምነት መግለጫ ጻፉ። ግርዛትን በሚመለከት የሰጡት መልስ ግልጽ ነው። እንደ አይሁድ አንገረዝም፤ መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም የጳውሎስን ቃል እናውቃለን፤ በእኛ ዘንድ ያለው ግርዛት የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፣ በህንድ ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው አሉ።

ይህን ሳነብ በጣም ገረመኝ። ወደ 470 ዓመት ሆኖታል። ንጉሡ በግልጽ ልማድ ነው ያሉትን ነገር እኛ የታመመ ልጅ ይዘን ሕግ ልናደርገው ነበር። ልማዱን እወደዋለሁ፣ አልተውም፣ የልጅ ልጆቼንም አስገርዛለሁ። ግብፅ ያሉ ኦርቶዶክሶችም ይገረዛሉ፣ ብቻችንን አይደለንም። አባቶቻችንም ለዚህ ልማድ ብዙ ከፍለዋል፤ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ካገዳቸው ነገሮች አንዱ ግርዛት ነበር፣ አገሩ በዚህና በሌላውም ተነስቶ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1632 የኦርቶዶክስ ሃይማኖት የተመለሰው። ግን ልማድ ሕፃን ልጅ እስኪድን መጠበቅ ያቅተዋል? አያቅተውም።

አማቴ እስከ መጨረሻው አዳምጠው አንዲት ነገር ብቻ ጠየቁ። «እንግዲያ አባ፣ ኃጢአት አይሆንብንም?» «አይሆንባችሁም ልጄ። ሲድን፣ ከክርስትናው በፊት አስገርዙት» አሏቸው። አማቴ ተንፈስ አሉ።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲታይ ቢጫው ቀንሷል። በሳምንቱ ደግሞ ዓይኑ ነጣ። ጥር 20 ተቀጠርን። አሁን ስለ አገልግሎቱ ልንገራችሁ።

ዋጋው 3,500 ብር ነው፤ ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ሊሆን ነው። ውድ ነው። ለሁሉም ሰው እንደማይሆን አውቃለሁ፤ የመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታልም ስላለ እዚያ ጠይቁ፣ ጥያቄዎቹ ግን የትም አንድ ናቸው። ዶክተሩ መጀመሪያ የልደት ካርዱን አዩ፤ ሲወለድ ቫይታሚን ኬ መወጋቱን አረጋገጡ፤ ደም እንዲረጋ የሚረዳው እሱ ነው። ቀጥለው «በእናቱ ወገን ሲቆስል ወይም ጥርስ ሲነቀል ደም እምቢ ያለው ወንድ አለ?» አሉ። ለምን በእናቱ ወገን እንዳሉ ጠየቅኳቸው፤ ደም ያለመርጋት በሽታው በአብዛኛው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ስለሚተላለፍ ነው አሉኝ። ከዚያ የሽንት መውጫው ጫፉ ላይ መሆኑን አዩ። አንዳንድ ልጅ ከሥር በኩል ተከፍቶ ይወለዳል፤ እንዲህ ከሆነ ጨርሶ አይገረዝም፣ ምክንያቱም በኋላ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት የሚጠገነው በዚያው በሸለፈቱ ቆዳ ነው። ይህን ስሰማ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ያኔ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሲወጡ ያየኋቸው ልጆች ትዝ አሉኝ።

እንድገባ ፈቀዱልኝ። አማቴ ውጭ ቀሩ። ሲስተሯ ጎዝ (የቁስል ሻሽ) ስኳር ውኃ ውስጥ ነክራ አፉ ላይ አደረገችለት፣ ይጠባው ጀመር። ዶክተሩ በቀጭን መርፌ ከሥሩ ግራና ቀኝ ማደንዘዣ ወጉት። ያኔ አለቀሰ፤ ፊቱ ቀላ፣ የእግሩ ጣቶች ተዘረጉ። ከዚያ አልቸኮሉም። የግድግዳውን ሰዓት አይተው ቆሙ። አምስት ደቂቃ ያህል ማንም ምንም አልነካም፣ ሲስተሯ ግንባሩን እየዳበሰች ነበር። ሥራው ሲጀመር ልጁ ጎዙን እየጠባ ነው። ያደረጉለት ፕላስቲቤል የሚሉትን ነው፤ ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት በሸለፈቱ ውስጥ ይገባና በላዩ ክር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ከዚያ ትርፉ ይቆረጣል። ደሙ ጠብታ ነው። ሲጨርሱ ያየሁት የልጄን ፊት ነው፤ እንቅልፍ ወስዶታል።

ቅሬታዬን ደግሞ ልናገር። ወደ ቤት ስንሄድ የእንክብካቤ መመሪያ ብለው አንድ ወረቀት ሰጡን። ሙሉውን በእንግሊዝኛ ነው። ዳይፐሩን የምትቀይረው ማን ናት? አራሷና አማቴ ናቸው። አማቴ አማርኛ አሳምረው ያነባሉ፣ ዳዊት ይደግማሉ፤ ያ ወረቀት ግን ለእሳቸው ባዶ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ በአማርኛ ገለበጥኩትና ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላቸው። ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ክሊኒክ አንድ ገጽ በአማርኛ ማሳተም እንዴት ያቅተዋል? ነግሬያቸዋለሁ፣ እናስተካክላለን ብለዋል።

ሌላው፣ ምን እንደምናይ አስቀድሞ በቃል የነገረን የለም። በሦስተኛው ሌሊት ጫፉ ላይ ቢጫ ነገር አየን። አማቴ «መግል ያዘ!» አሉ፣ ባለቤቴ አለቀሰች። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በሰጡን ስልክ ደወልኩ። ይነሳል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ተነሳ። ተረኛዋ ሲስተር ረጋ ብላ ጠየቀችኝ፤ ትኩሳት አለው? ይሸናል? ይጠባል? ቅላቱ ወደ ታች እየሰፋ ነው? ሽታ አለው? «እንግዲያው መግል አይደለም፣ ቁስሉ ሲድን የሚሠራው ነው፣ እንዳትፍቁት» አለችኝ። በሌሊት ስልክ የሚያነሳ ክሊኒክ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት «ሌሊት ማን ስልክ ያነሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደም ካላቆመ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ቀለበቱ ወደ ሥር ከተንሸራተተ ግን ስልክ ላይ አትቆዩ፣ ይዛችሁት ሩጡ።

ቀለበቱ በሰባተኛው ቀን፣ ጥር 27፣ ዳይፐሩ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ቁስሉ ንጹህ ነበር።

ውጭ አገር ላላችሁም አንድ ነገር ልበል፣ እህቴ ስቶክሆልም ስላለች እሷ ያለፈችበትን አውቃለሁ። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የግርዛት ሕግ አላት፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው ቢገርዝ እንኳ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፣ ልጁም ሁለት ወር ያልሞላው፣ ማደንዘዣውን ደግሞ ሐኪም ወይም ነርስ ነው የሚሰጠው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2012 የኮሎኝ ፍርድ ቤት የሕፃን ግርዛት ወንጀል ነው ብሎ ከወሰነ በኋላ ብዙ ተከራከሩና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ፓርላማው ፈቀደ፤ በሕክምና ሥርዓት መሠራት አለበት። ቀኑን ለማድረስ ብላችሁ በሰው ሳሎን የሚገርዝ ሰው አትፈልጉ።

«ለጤና ነው» ለሚሉትም፣ እውነት አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ጥናቶችን አይቶ ግርዛት ወንድ ከሴት ኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉን ወደ 60 በመቶ ይቀንሳል ብሏል፤ በእኛም አገር ጋምቤላ ላይ በዚሁ ምክንያት ወንዶችን የማስገረዝ ሥራ ተሠርቷል። ኮንዶምን ግን አይተካም። እና እባካችሁ ይህን ከሴት ልጅ ግርዛት ጋር አታገናኙት። እሱ ጉዳት ብቻ ነው፣ በወንጀል ሕጋችንም ክልክል ነው፣ መጽሐፉም ስለ ሴት አንዳች አላዘዘም።

ለመጀመሪያው ክሊኒክ ያለኝን በደብዳቤ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። መልስ እስካሁን የለም። ለሁለተኛው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዷን የቀነስኩት ለወረቀቱና ለመቀመጫው ነው።

አማቴ ቀለበቱ የወደቀ ዕለት ማታ እንደገና በጣታቸው ሲቆጥሩ ሰማኋቸው። ክርስትናውን ነው። አርባኛው ቀን የካቲት 8 ላይ ዋለ። የካቲት 8 ደግሞ ልደተ ስምዖን ነው፤ ሽማግሌው ስምዖን ሕፃኑን ጌታን በቤተ መቅደስ የታቀፈበት። አማቴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «አየህ ልጄ!» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ያን ዕለት ጠዋት ልጁ ተጠመቀ፣ ሜሮን ተቀባ፣ ማዕተብ ታሰረለት። ጴንጤው አጎቱም መጥቶ ነበር፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ስንወጣ አማቴ ልጁን በነጠላቸው ሸፍነው ደረታቸው ላይ ይዘውት ነበር፤ እስከ መኪናው ድረስ ለማንም አልሰጡትም።